ሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ምን አለ?

ጥያቄ፦ የቆዩ የጦር ሜዳ ዕቃዎችን እሰበስባለሁ። ውጭ አገር ካለ ሰብሳቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ ጠመንጃ ገዝቻለሁ። እንዳይተኩስ መደረጉን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አለው። ዕቃው በሁለት ጥቅል ይመጣል። ጉምሩክ የሚጠይቀኝ ምን ምን ሰነድ ነው?

መልስ፦ ሰነዱ ብዙ አይደለም። ከሚገባበት አገር የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከሚነሳበት አገር የመላኪያ ፈቃድ፣ በሌላ አገር የሚያልፍ ከሆነም ያ አገር እንደማይቃወም የሚገልጽ ጽሑፍ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያጸደቀው የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል ቅደም ተከተሉንም አስቀምጧል፤ ላኪው አገር የሚፈቅደው ተቀባዩ አገር መፍቀዱን አረጋግጦ ነው። እርስዎ ግን ገንዘቡን ከፍለው ሲያበቁ ነው የጠየቁኝ። "ፈቃድ" የሚል ቃልም ደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ዕድሜውም አያድንዎትም። በዚሁ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. ከ1899 በኋላ የተሠራ መሣሪያ "ጥንታዊ" አይባልም፤ አሜሪካ ደግሞ መስመሩን 1898 ላይ አስምራለች። የምስክር ወረቀቱም ቢሆን በተሰጠበት አገር የታመነ ስለሆነ ብቻ ድንበር አይሻገርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 8 ቀን 2016 ጀምሮ አንድ ወጥ መስፈርት ሲያወጣ፣ በአሮጌው አሠራር እንዳይተኩሱ የተደረጉ ብዙ ጠመንጃዎች ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው ለመግባት እንኳ እንደገና መሠራት አስፈልጓቸዋል።

አሁን ወደ ጥቅሎቹ እንምጣ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። የማይተኩስ ጠመንጃ ለምን ለሁለት ይከፈላል? ሻጩ "መዝጊያው (በርሜሉን ከኋላ የሚዘጋው ክፍል) ለብቻው ይላካል፤ ተፈታትቶ ሲመጣ መሣሪያ አይባልም" ብሎዎት ከሆነ፣ ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው። በርሜል፣ ዋናው አካልና መዝጊያ በፕሮቶኮሉ የመሣሪያ ክፍል ተብለው በስማቸው ተጠርተዋል፤ ፈቃዱም እነሱን ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ "የማሽን መለዋወጫ" ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፈቃድ ማውጣት የዘነጋ ሰብሳቢ "አላወቅሁም" ብሎ የሚሰማው ሊያገኝ ይችላል። ዕቃውን ለሁለት ከፍሎ፣ ስሙን ለውጦ ያስላከ ሰው ግን ያንን ሲል ዐቃቤ ሕጉ የሚያነሣው ያችኑ ካርቶን ነው። "የጻፈው ሻጩ ነው" ይሉ ይሆናል፤ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ስም ግን የእርስዎ ነው፤ የተጻጻፋችሁትም ሁሉ ስልክዎ ላይ አለ። እንዳያጠፉት! ማጥፋቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ሞዴሉን አልነገሩኝም። በተከታታይ የሚተኩስ ዓይነት ከነበረ በብዙ አገር ለግለሰብ ጨርሶ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት እሱን ይለዩ።

ዕቃው ካልተነሣ ዛሬውኑ ያስቁሙት። ተነሥቶ ከሆነ ሄደው አይረከቡ፤ ወንድምዎንም ልከው አያስፈርሙ። የክፍያ ደረሰኙን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ የመለያ ቁጥሩን ፎቶና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን ሁሉ ይዘው፣ ጉምሩክ ሳይጠራዎት በፊት በአካባቢዎ ያለ የወንጀል ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። እሱ ሲጠይቅዎት ደግሞ ሁለተኛው ጥቅል ውስጥ ያለውን ለእኔ እንዳደረጉት አይዝለሉበት።