የባሕር ዓሣ በቆላ ከተማ፦ የውሃ ዝውውሩና ማቀዝቀዣው እንዴት ይታቀድ?

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት በምሠራው የእንግዳ ማረፊያ ሳሎን 300 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ለማቆም አስቤ፣ መስተዋቱንና ከሥሩ የሚቀመጠውን የማጣሪያ ሳጥን አዘጋጅቻለሁ። ደብረ ብርሃን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም ይላል፤ ሻጩ ግን ያለ ቺለር (ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ) ዓሣው አይኖርም ብሎኛል። ማንን ልመን? መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ወንድምዎ የተናገሩት ለደብረ ብርሃን እውነት ነው፤ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለ ደጋ የሚያስፈልገው ማሞቂያ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን ቆላ ስለሆነች፣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቆይ የሚገባው ውሃ በበጋው ሙቀት ከዚያ በብዙ ሊያልፍ ይችላል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የዓሣው ፍላጎት ግን ይጨምራል፤ ስለዚህ ሙቀቱንና ዝውውሩን አብረው ያቅዱ።

ቺለር ከመግዛትዎ በፊት የሙቀቱን ምንጭ ይመርምሩ። ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ፓምፕ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ፣ በድምሩ 60 ዋት የሚወስዱ ፓምፖች 300 ሊትሩን በ6 ሰዓት አንድ ዲግሪ ያህል ያሞቁታል። ስለዚህ ከማጣሪያው ውሃ የሚመልሰው ፓምፕ በሰዓት ከ900 እስከ 1,500 ሊትር ቢያወጣ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ውሃው ሽቅብ ሳይገፋ የተለካ ነውና፣ ከሳጥኑ እስከ መስተዋቱ አፍ ያለውን ቁመት ለክተው ይምረጡ። የቀረውን እንቅስቃሴ ትንሽ ዋት በሚወስዱ የሞገድ ፓምፖች ያግኙ፤ አንዱን የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ያዙሩት፤ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ነውና።

ለማቀዝቀዝ መጀመሪያ ቬንትሌተር ይሞክሩ። ክዳኑን አንሥተው፣ ዓሣው ዘሎ እንዳይወጣ መረብ ዘርግተው፣ ነፋሱን በውሃው ገጽ ላይ ያሳልፉ፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ300 ሊትሩ ሁለት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጨው ግን አብሮ አይተንም፤ የጎደለውን በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ብቻ በየዕለቱ ይሙሉ። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥበት ሲሸከም የቬንትሌተሩ ጉልበት ይደክማል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሃው ከ28 ዲግሪ በታች አልወርድ ካለ፣ ያን ጊዜ ሻጩ ትክክል ነው፤ ውሃ የሚነካው ክፍሉ ቲታኒየም የሆነ ቺለር ይግዙ። መዳብ ያለበትን አይቀበሉ፤ የጨው ውሃ መዳብን ይበላዋል፣ የሟሟው መዳብም ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። ቺለሩን በረንዳ ላይ ያስቀምጡት፤ ከውሃው የነጠቀውን ሙቀት ሳሎኑ ውስጥ ከተፋው ድካምዎ ከንቱ ነው።

መብራት ሲጠፋ ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመመለሻው ቧንቧ ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ወደ ኋላ እየተሳበ ማጣሪያውን ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የቧንቧው አፍ ከውሃው ገጽ ጥቂት ብቻ ዝቅ ይበል። ዓሣ ሳይገባ ፓምፑን ራስዎ አጥፍተው፣ ሳጥኑ ውስጥ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ይዩ፤ ጠርዙን የሚያልፍ ከሆነ ፓምፑ እየሠራ ሳጥኑ የሚይዘውን ውሃ ይቀንሱና፣ የደረሱበትን ልክ በቀለም ምልክት አድርገው ከዚያ በላይ አይሙሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም አይጥፋዎት፤ መብራት በቆየ ጊዜ ዓሣውን የሚገድለው በአብዛኛው የኦክስጅን እጥረት ነው።