ጥያቄና መልስ፦ ከ“ሴልፍ ፖርትሬት” መጋዘን የወጡት ቅጂዎች ምን ቀየሩ?

እኛ ባሕር ዳር ያለን የቆየ ሙዚቃ አድማጮች በዚህ አልበም የተነሳ ሁለት ጎራ ከሆንን ሰንብተናል፤ ስለዚህ ዛሬ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቅ። ለአዲስ ገቢዎች ነገሩ ባጭሩ ይኸው፦ አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን ጁን 8 ቀን 1970 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) “ሴልፍ ፖርትሬት” የተባለ 24 ዘፈን ያለበት ባለሁለት ሸክላ አልበም አወጣ። አብዛኛው የቆየ የሕዝብ ዜማና የሌላ ሰው ድርሰት ነው። ሃያሲው ግሪል ማርከስ ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ ትችቱን በስድብ ቃል ከፈተው። በ2013 አሳታሚው ኩባንያ ኮሎምቢያ ከዚያ ዘመን መጋዘን 35 ቅጂ መርጦ “አናዘር ሴልፍ ፖርትሬት” ብሎ ሲያወጣ ግን ብዙው ሰው “ለካ ግሩም ነበር” አለ። የዚያን ጊዜ የማብራሪያውን ጽሑፍ የጻፈው ማን መሰላችሁ? ያው ማርከስ ነው።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ሳያንዛዙ ይንገሩን፤ አልበሙ ተበድሏል ወይስ አልተበደለም?

ዘፋኙ ተበድሏል፣ አልበሙ አልተበደለም። በ1970 ጸደይ ዲላን በጥሩ ድምፅና በጥሩ ልብ ይዘፍን እንደነበር ቅጂዎቹ ያስረዳሉ። የትኛው ዘፈን ይግባ፣ በላዩስ ምን ይደረብ የሚለው ውሳኔ ግን ትክክል እንደነበር አያስረዱም። “ዘ ቦክሰር”ን ስሙ፤ በሁለት ዓይነት ድምፅ ከራሱ ጋር ተቀባብሎ ይዘፍናል፣ ሁለቱ ድምፆች ግን አይገጥሙም። የ2013ቱ አዘጋጆች እሱንም “ብሉ ሙን”ንም አልነኳቸውም። ዝም ማለታቸው ራሱ ፍርድ ነው።

ከግሽ ዓባይ፦ “ተደረበበት” ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ማን ነው የደረበው?

የክርክሩ እምብርት እዚህ ነው፣ ረጋ ብለን እንየው። ከማርች 3 እስከ 5 ቀን 1970 ዲላን ኒውዮርክ ስቱዲዮ ገብቶ ዴቪድ ብሮምበርግ ጊታር፣ አል ኩፐር ኪቦርድ ይዘውለት ብዙ ዜማ በቁሙ ቀረጸ። ከዚያ ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ጆንስተን ቴፑን ናሽቪል ወሰደው። እዚያ ያሉት ሙዚቀኞች የተቀረጸውን እየሰሙ ቤዝና ድራም ጨመሩበት፤ በአንዳንዱ ላይ ቫዮሊኖችና የሴቶች አጃቢ ድምፅም ገባ። ዲላን እዚያ አልነበረም።

ችግሩ ቴክኒካዊ ነው። ብቻውን ጊታር ይዞ የሚዘፍን ሰው ምቱን በትንፋሹ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ግጥሙ ሲረዝምበት ምቱን ያዝ አድርጎ እንደሚቆየው ማለት ነው። አብሮ የተቀመጠ ከበሮ መቺ አፉን አይቶ ይከተለዋል። በኋላ የመጣ መቺ ግን የሚያየው አፍ የለም፤ ይገምታል፣ ግምቱም በሰከንድ ሽራፊ ይዘገያል። “ኢን ሰርች ኦቭ ሊትል ሳዲ” ላይ ዜማው ራሱ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ ነገሩ ጎልቶ ይሰማል፤ ቤዙና ድራሙ ዘፋኙን እያሳደዱ ነው። በ2013 የተደረበው ተነሥቶ ሲወጣ ያው አዘፋፈን በድንገት “ሆን ብሎ ያደረገው” መሰለ። ዘፋኙ ያልለወጠውን የማደባለቂያው ጠረጴዛ ለወጠው።

ሁሉም ድርብ ግን ክፉ ነው አልልም። “ኮፐር ኬትል” ከነቫዮሊኑም ይቆማል። “ቤል አይል” ግን ባዶውን ሲሰማ ሌላ ዘፈን ነው፤ አንድ የምትሰሙበት ሰዓት ብቻ ካላችሁ ይህን አስቀድሙ።

ከቀበሌ 14፦ እኔ ሁለቱን በስልክ አወዳድሬ የ2013ቱ የተሻለ መሰለኝ። በዚህ ልፍረድ?

አይ፣ እህቴ፣ ገና ነሽ። መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጊ። ጆሮ አንድ ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያለውን “ጥራት ያለው” ብሎ ይቀበላል፤ አዲስ ማስተር (ለኅትመት የተሰናዳ ቅጂ) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌው ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ የተባለውን የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቺ፣ ሁለቱንም ፋይል አስገቢ፣ “ላውድነስ ኖርማላይዜሽን” የሚለውን መርጠሽ ሁለቱንም በየተራ ወደ −18 LUFS (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) አምጪ። መነሻቸውን አስተካክለሽ “ሶሎ”ን (አንዱን ብቻ የሚያሰማውን ቁልፍ) እየቀያየርሽ አንዱን ስንኝ ብቻ ደጋግሚ። ሙሉ ዘፈን ሰምቶ ማወዳደር አይሆንም፤ ጆሮ ያን ያህል አያስታውስም።

ፋይሉን በቴሌግራም ከተቀባበላችሁ እንደ ፋይል ይላክ እንጂ በድምፅ መልእክት አይቀዳ፤ ድምፅ መልእክት ላይኛውን ድምፅ ይቆርጠዋል፣ የቫዮሊኑ ነገር ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ዳታ ለሚቆጥር፦ የ3 ደቂቃ ዘፈን በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 7 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ከዚያው፦ የአንዱን የድምፅ ሞገድ ገልብጬ በሌላው ላይ ብጭነው የተደረበው ብቻ ይቀራል ይላሉ። እውነት ነው?

በሐሳብ ደረጃ እውነት ነው፣ በእጅ ሲሞከር ግን አይሠራም። ሁለቱ ድብልቆች በተለያየ ጊዜ ከቴፕ የተቀዱ ናቸው፤ የማሽኖቹ ፍጥነት በሺህ አንድ ብቻ ቢለያይ 3 ደቂቃ ላይ 0.18 ሰከንድ ይደርሳል። በ500 ኸርዝ ድምፅ ላይ የ1 ሚሊሰከንድ ልዩነት ብቻ ማጥፋቱን ትቶ እጥፍ ያደርገዋል። ድምፁ ዋሻ ውስጥ የገባ ይመስላል እንጂ ቫዮሊኑ ለብቻው አይወጣም። ጥቂት ሰከንድ ላይ ብትሞክሪው ግን የሴቶቹ ድምፅ የት እንደሚገባ ይጠቁማል።

ከሐሙሲት፦ ቀጣዩን አልበሙን “ኒው ሞርኒንግ”ን ከ4 ወር በኋላ ያወጣው ተቺዎቹ ስላስደነገጡት ነው አሉ።

ቀኑን ቁጠር። አብዛኛው “ኒው ሞርኒንግ” የተቀረጸው ከጁን 1 እስከ 5 ቀን 1970 ነው፤ “ሴልፍ ፖርትሬት” ገበያ የወጣው ጁን 8። ትችቱ ገና አልተጻፈም። ኦገስት ላይ ተጨማሪ ቀረጻ ስለነበር የመጨረሻው ቅርጽ በወሬው አልተነካም ብዬ አልምልም። ደግሞም የተጠላ ተባለ እንጂ አልበሙ አሜሪካ ውስጥ 4ኛ፣ እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ ደርሶ ነበር።

ከመራዊ፦ እንግዲያው የ2013ቱ 35 ቅጂ “እውነተኛው” ሴልፍ ፖርትሬት ነው ማለት እንችላለን?

አንችልም። ጎራችንን ሁሉ ያሳሳተው ይህ ነው። በውስጡ የ1967 የምድር ቤት ቀረጻ አለ፣ “ናሽቪል ስካይላይን” የተባለው የ1969 አልበሙ ጊዜ ቅጂ አለ፣ ከ“ኒው ሞርኒንግ” የቀረ ብዙ አለ፣ የ1971ም አለ። በሜይ 1 ቀን 1970 ከቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ጋር የተቀዳ ዘፈንም ገብቷል። 4 ዓመት የሚሸፍን ስብስብ ነው፤ ያዘጋጁትም ሰዎች ውጤቱን 40 ዓመት ዘግይተው የሚያውቁ ናቸው። በአንድ ዓመት ገደማ የተሠራን ባለሁለት ሸክላ አልበም ከዚህ ጋር ማፎካከር ፍርደ ገምድልነት ነው። “ፕሪቲ ሳሮ”ን የሚያህል ዘፈን በ1970 ተጥሎ “ብሉ ሙን” መግባቱ ግን ይቅርታ የለውም። እዚህ ላይ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ።

ከወረታ፦ ኩባንያው ይህን ሁሉ ዓመት ቆልፎ ይዞ አሁን የሚያወጣው ለገንዘብ አይደለም?

ገንዘቡ አለበት፣ ሕጉ ግን ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ያወጣው መመሪያ የታተመ ቀረጻን ጥበቃ ከ50 ወደ 70 ዓመት አሳደገ፤ በ50 ዓመት ውስጥ ያልታተመው ግን ጥበቃውን ያጣል። ስለዚህ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በጥቂት ቅጂ “አሳትመናል” ለማለት ያህል ያወጡታል። በ1970 የተቀረጹት ቅጂዎች በ2020 መጨረሻ እንዲሁ ጥቂት ወጡ፤ ሰው ስለጮኸ በፌብሩዋሪ 2021 “1970” በሚል ባለሦስት ሲዲ ለሁሉም ቀረበ። ሃሪሰን ያለበት ቀን በሰፊው የሚሰማው እዚያ ነው። የ1973ቱ “ዲላን” የተባለው ባለ 9 ዘፈን አልበም ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ዘፋኙ ወደ አሳይለም ኩባንያ ሲሄድ ኮሎምቢያ ያለ እሱ ተሳትፎ ከትርፍራፊው ሰብስቦ አወጣው። እሱን ለክርክር ማስረጃ አታምጡብኝ።

ከጢስ ዓባይ፦ ራሱስ ምን አለ?

በየጊዜው የተለያየ ነገር። በ1984 ሰው እንዲተወኝ ፈልጌ ነው አለ፤ በ1985 የራሴ የስርቆሽ ቅጂ እንደማለት ነው አለ፤ በ2004 መጽሐፉ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ ግድግዳ ላይ ወርውሬ የተለጠፈውን አወጣሁ አለ። በአንዱም ላይ አትገንቡ።

ከዘጌ፦ ጋሼ፣ ከርዕሱ ልውጣ። አባቴ ዘንድ የአካባቢ ዘፋኞች ልምምድ ያለባቸው ካሴቶች አሉ፤ ጠርዛቸው ነጭ ብናኝ አለው። እንዴት ላድናቸው?

ከርዕሱ አልወጣህም፣ ልጄ። የዲላንም ቅጂ የዳነው ሰው ቴፑን ከነልምምዱ ስላስቀመጠ ነው። ነጩ ብናኝ ሻጋታ ነው፤ የሐይቁ ዳር ክረምት ያመጣዋል። እንዲያው አታጫውተው፤ የማጫወቻውን ራስ (ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) ያቆሽሻል፣ ወደ ሌሎቹም ካሴቶች ይዛመታል። ለይተህ በሚከደን ዕቃ ከሲሊካ ጄል ጋር አድርገህ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ቴፑ ይጣመማል። ከደረቀ በኋላ ደጅ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ በማያሳዝንህ ማጫወቻ እስከ ዳር አጠንጥነህ መልሰው። ሽፋኑ በአምስት ብሎን የተያዘ ከሆነ ፈተህ ቴፑን ወደ ንጹሕ ሽፋን ማዛወር ትችላለህ። ውስጡ ያለችው፣ ቴፑን ወደ ራሱ የምትጫነው ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ከወደቀች ድምፁ ይርቃል፤ እሷንም ከሌላ ካሴት ውሰድ። የ120 ደቂቃ ካሴት ቴፑ ስስ ነው፣ ማሽን ይበላዋል፤ እሱን በመጨረሻ ሞክር።

ከመቅዳትህ በፊት የማጫወቻውን ራስ 90 ከመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ፤ የጎማ ተሽከርካሪውን ግን በረጠበ ጨርቅ ብቻ። ከራሱ ጎን ስፕሪንግ ያለባት ትንሽ ብሎን አለች። ድምፁ የታፈነ ከሆነ እያዳመጥክ በጣም በቀስታ አዙራት፣ ከሩብ ዙር አትለፍ፤ ላይኛው ድምፅ በጣም የሚጠራበት ላይ አቁም። ሁሉም ካሴት የራሱ ቦታ አለው።

ገመዱን ከካሴት ማጫወቻው “ላይን አውት” ወደ ኮምፒውተሩ “ላይን ኢን” አድርግ፤ የማይክ ቀዳዳ ድምፁን ያፈነዳዋል። 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ዌቭ ፋይል፣ ከፍታው −6 ዴሲቤል ላይ እንዲደርስ። የ60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ጩኸት ከገባ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ቅዳ፤ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። መብራት ስለሚሄድም እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው አስቀምጥ።

ከዚያው፦ ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ክራር ብቻ ነው ያለው።

ክራር አይበጅህም፤ ቅኝቱ እንደ ዘፋኙ ጉሮሮ ይወጣል ይወርዳል። ልምምዱ በመብራት በሚሠራ መቅረጫ ከተቀዳ የኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ እንጉርጉሮ አብሮ ገብቶ ይሆናል። በኦዳሲቲ ጸጥ ያለ ቦታ መርጠህ “ፕሎት ስፔክትረም” በለው፤ 52 ላይ ጉብታ ካየህ ቴፑ 4 ከመቶ ፈጥኗል። የማጫወቻህም የራሱ እንጉርጉሮ 50 ላይ ሊኖር ስለሚችል አስቀድመህ ያለ ካሴት ቅዳና ለይ።

ከዚያው፦ ሳል፣ ስድብና የተቋረጠ ሙከራ ካለስ ልቁረጠው?

ለሰው የምትሰጠውን ቅጂ እንደፈለግህ ቁረጥ፤ ዋናውን ፋይል አትንካ፣ የጩኸት ማጥፊያም አትጨምርበት። ቀኑን፣ ገጹን፣ የዘፋኙንና የመቺውን ስም በፋይሉ ስም ላይ ጻፍ፤ አባትህ አሁን ሳሉ ጠይቃቸው። ዘፋኙ ወይም ቤተሰቡ ካሉ ሳትጠይቅ ወደ ቴሌግራም እንዳትለቀው።