መልስ፦ የቤዝቦል የሆም ረን ሪከርዱ የማን ነው?
ወንድሜ፣ «አንዱ 755 ይላል፣ ሌላው 762፣ ሌላው ደግሞ 62፤ የቱ ነው ትክክል?» ላልከው፣ በአሜሪካ ዋናው ሊግ መዝገብ ላይ ያለው ባሪ ቦንድስ በተጫዋችነት ዘመኑ በሙሉ የመታው 762 ነው። (ሆም ረን ማለት መቺው ኳሷን ከአጥር ማዶ ልኮ፣ ቤዝ የሚባሉትን አራት የሜዳ ማረፊያዎች ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት ነው።) በአንድ የውድድር ዓመትም 73 መትቷል (2001 በፈረንጆቹ)። ግን ስሙ ከአበረታች መድኃኒት ጋር ስለሚነሳ፣ የብዙ ሰው ልብ ዛሬም 755 ከመታው ከሃንክ አሮን ጋር ነው። የኔም።

አሮን የቀድሞውን ባለሪከርድ የቤብ ሩትን 714 ያለፈው ኤፕሪል 8 ቀን 1974 አትላንታ ላይ ነው። ጥቁር ሰው ሩትን ሊበልጥ መሆኑ ያንገበገባቸው ሰዎች «እንገድልሃለን» የሚል ደብዳቤ ያጎርፉለት ነበር። ያን ማታ የተጋጣሚው ቡድን የዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ አል ዳውኒንግ የወረወረለትን ኳስ በግራ በኩል ከአጥር ማዶ ላካት። ቤዞቹን እየዞረ ሳለ ሁለት ወጣቶች ከተመልካች መሀል ዘለው ገብተው አብረውት ሮጡ፣ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። ዛቻውን ለሚያውቅ ሰው ያቺ ቅጽበት ታስደነግጥ ነበር። ልጆቹ ግን ደስ ብሏቸው ነው የገቡት።

62 የአሮን ጀጅ ነው (2022)፤ ስሙ ተመሳስሎ እንዳያምታታህ። እሱ የአሜሪካን ሊግ (ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች የአንዱ) ብቻ የአንድ ዓመት ሪከርድ ነው። ጃፓን ከሄድክ ደግሞ ሳዳሃሩ ኦ 868 አለው፤ ሊጉ ሌላ ስለሆነ ግን ለብቻው ነው የሚቆጠረው።