መልስ፦ ለትንንሽ ልጆች ሐጅን በቤት ውስጥ ማስተማር

ወዐለይኩም ሰላም እህቴ። የ4 እና የ6 ዓመት ልጆችሽን አረፋ ሳይደርስ ስለ ሐጅ እንዴት እንደምታስተምሪ ጠይቀሻል። እኔ ብሆን ከሃጀር ታሪክ ነው የምጀምረው፤ የነቢዩላህ ኢብራሂም ባለቤት ሃጀር ውሃ በሌለበት ሸለቆ ለሕፃኗ ለኢስማኢል ውሃ ስትፈልግ በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ተመላልሳለች። የባሕር ዳር ልጆች ጣናን እያዩ ያድጋሉ። ውሃ የሌለበት ሸለቆ ቢነገራቸው ቶሎ አይገባቸውም። ስለዚህ አመሻሽ ላይ በግቢው ጫፍና ጫፍ ሁለት ትራስ አስቀምጪ። አንዱ የሶፋ ኮረብታ፣ ሌላው የመርዋ ኮረብታ ይሁን። ከሶፋ ተነስተው መሄዱን አንድ፣ መመለሱን ሁለት እያሉ 7 ጊዜ ይሂዱ፤ መርዋ ላይ ይጨርሳሉ። ውሃ ጠማን ሲሉ እየጠጡ ስለ ሕፃኑ ኢስማኢልና ለእነሱ ስለፈለቀው የዘምዘም ውሃ ንገሪያቸው። ጥማቱን ቀምሰው የሰሙት ታሪክ ከልባቸው አይወጣም።

ሐጃጆች በመካ ለሚዞሩት ቤት ለካዕባ ካርቶን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኚ። ሲዞሩ በግራቸው በኩል ይሁን። «ለበይክ አላሁመ ለበይክ» (አቤት አላህ ሆይ፣ አቤት) የሚለውን አብራችሁ በሉ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ይሄ ነው። በሐጅ ለሚደረገው የጠጠር ውርወራ ግን ድንጋይ አትስጫቸው፣ የተጨማደደ ወረቀት ይበቃል። ትንሹ ከሰለቸው አታስገድጂው፣ ነገም ቀን ነው። ትልቁ «ካዕባን ማን ሠራው?» ማለቱ አይቀርም። ነቢዩላህ ኢብራሂም ከልጃቸው ከኢስማኢል ጋር መሠረቱን ከፍ እንዳደረጉ ቁርኣን እንደሚነግረን አስረጂው።