የማግኒዚየም ሽፋን የሚለቀው ከሥሩ ነው
የተከበሩ ጠያቂ፣ ኤዜድ 31 በተባለው የማግኒዚየም ቅይጥ ላይ የቀቡት የሲሌን ሶል-ጄል ሽፋን (ሲሊኮን ካለበት ውሕድ የሚዘጋጅ፣ በፈሳሽነቱ ተቀብቶ የሚረጋ መከላከያ) በጨው ውኃ ውስጥ በማግስቱ አረፋ ማውጣት እንደ ጀመረ ገልጸው፣ ደራርቦ በመቀባት ማወፈሩ ይረዳ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚህ ባሕር ዳር በአንድ ቤተ ሙከራ ይህንኑ ሥራ ስጀምር በመጀመሪያ የሞከርሁት ማወፈርን ስለ ነበር፣ በዚያ መንገድ እንዳይደክሙ አጥብቄ እመክራለሁ። ሶል-ጄል ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲወፍር ደግሞ መኮማተሩን መሸከም አቅቶት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም በጨው ውስጥ ላለው ክሎራይድ በር ይከፍታል።

ያዩት አረፋ ሃይድሮጅን ነው። ማግኒዚየም መደበኛ የኤሌክትሮድ ቮልቴጁ ከዜሮ በታች 2.37 ቮልት የሆነ እጅግ ንቁ ብረት በመሆኑ (በውኃ ማሞቂያ ጋን ውስጥ የማግኒዚየም ዘንግ የሚገባውም ጋኑን አድኖ ራሱ እንዲበላ ነው) ጥቂት ውኃ ከሽፋኑ ሥር ከደረሰ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ቦታውንም አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል። አልካሊው ሲሌኑን ከብረቱ ጋር ያያያዘውን ትስስር ሲያላላ፣ ጋዙ ደግሞ ሽፋኑን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ የላዩ ውፍረት የሥሩን ድክመት አያድንም።

እኔን ለወራት ያሳሳተኝ የጣና ውኃ ነበር። ከሐይቁ ዳር በቀዳሁት ውኃ ውስጥ የዘፈዘፍኋቸው ናሙናዎች ለሳምንታት ምንም ሳይሆኑ በመቆየታቸው ሽፋኑ የተሳካ መስሎኝ ነበር፤ በሊትር 35 ግራም ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ስከታቸው ግን በዚያው ቀን አረፋ አወጡ። ጣና ጨው አልባ ሐይቅ ስለሆነ በብረቱ ላይ የሚፈጠረው ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ በመጠኑ ይከላከላል፤ ክሎራይድ ሲበዛ ግን ይህ ስስ ልባስ ወደሚሟሟ ጨው ስለሚለወጥ ይፈርሳል።

ለውጥ ያየሁት ከመቀባት በፊት ያለውን ሥራ ካስተካከልሁ በኋላ ነው። ቅይጡ ሲዳመጥ በገጹ ላይ የሚቀረው የብረት (የአይረን) ብናኝ ዋነኛ የዝገት መነሻ ስለሆነ፣ በሲሊኮን ካርባይድ የብርጭቆ ወረቀት ከፈገፈጉና በአሴቶን ካጸዱ በኋላ በቀጭን አሴቲክ አሲድ ለአጭር ጊዜ አጥበው ቢያንስ 5 ማይክሮሜትር ያህል ገጽ ያንሱ፤ ወዲያውም በኢታኖል አለቅልቀው ያድርቁ። የብረት ብሩሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በብዙ ጽሑፎች ቢመከርም ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ በእኛ ዓይነት ቤተ ሙከራ እንዲገባ አልመክርም።

ቀጥሎ ከሲሌኑ በፊት መሠረት ያስፈልጋል። የሚቻል ከሆነ ቅይጡን በፈሳሽ ውስጥ በብዙ መቶ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚያክመው ፕላዝማ ኤሌክትሮሊቲክ ኦክሲዴሽን የተባለው ዘዴ ጠንካራና ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ኦክሳይድ ያበቅላል፤ ይህ ኦክሳይድ ብቻውን ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ጨው ያሳልፋል፣ ሶል-ጄሉ ግን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ይደፍናቸዋል፣ ቀዳዳዎቹም በተራቸው ሶል-ጄሉን አንቀው ይይዙታል። የድቅል ሽፋን (የሁለት ዓይነት ሽፋን ጥምረት) ትርጉሙ ለእኔ ይህ መደጋገፍ ነው። መሣሪያው ከሌለ የፎስፌት ወይም ሴሪየም የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ልባስ ያስቀድሙ። በሶል-ጄሉ ውስጥ ጥቂት ሴሪየም ናይትሬት መጨመርም የተጫረን ቦታ ለመከላከል ይረዳል፤ ሲበዛ ግን የሶል-ጄሉን የውስጥ ትስስር ያዳክማል።

በክረምት የአየሩ እርጥበት ሶል-ጄሉን ስለሚለውጠው፣ በሐምሌና በነሐሴ የቀባሁትን ከበጋው ጋር አላወዳድርም። የተቀባውን ሽፋን ለማጠንከር በምድጃ በማብሰል መካከል መብራት ጠፍቶ ምድጃው የቀዘቀዘበትን ናሙና ዳግም አሙቄ ብሞክረውም ሁልጊዜ ቀድሞ ስለተላጠ፣ አሁን እጥለዋለሁ።

ናሙናዎ ላይ አረፋው የጀመረው ከጠርዙ ነው ወይስ ከመካከሉ? ከጠርዙ ከሆነ ሹል ጠርዝ ላይ ሽፋን ስለሚሳሳ የጠርዙን ሹልነት አጥፍተው ይሞክሩ፤ ከመካከሉ ከሆነ ግን የአሲድ እጥበቱን ሳያስተካክሉ ሌላ ነገር አይለውጡ።