ስለ ጣና በጎ ፈቃደኞች የጠየቃችሁኝ

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ አባል ነኝ። ጣናን ስለመጠበቅ ለደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ልመልስ።

ጥበቃው የመንግሥት ሥራ አይደለም እንዴ?

ነው እንጂ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮና ሰው ተስማምተው እንዲኖሩበት በሚጠበቅ ሥፍራነት) ሲመዘገብም ሕግ የማስከበሩ ኃላፊነት ወደ እኛ አልተላለፈም፤ መቅጣትም መክሰስም አንችልም። ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ሐይቅ በየዳርቻው ጠባቂ ከየት ይመጣል? ረግረጉ ሲታረስ፣ ደንገሉ ሲቃጠል ቀድመን አይተን ለሚመለከተው እናሳውቃለን። ከዚያ ደግሞ መልስ እስኪሰጡን እንመላለሳለን፤ አሰልቺው ሥራ እሱ ነው።

ሐይቁን የወረረውን የውኃ ላይ አረም፣ እምቦጭን፣ በእጅ መንቀል ፋይዳ አለው?

አለው፣ ከተደጋገመ። በ2010 ዓ.ም. «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ) ብለው ከኦሮሚያ የመጡትን ወጣቶች እዚህ የሚረሳቸው የለም። አረሙ ግን ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ዘመቻ ፎቶው ያምራል እንጂ ብዙ አይፈይድም።

አነቃቀሉም ዘዴ አለው። ግንዱ ውስጡ አየር የሞላው ነው፤ ቅጠሉን ይዞ ለጎተተ ሰው እጁ ላይ ተቀንጥሶ ይቀራል፣ ውኃው ላይ የቀረው ቁራጭ ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል። እጅን ከሥር አስገብቶ፣ ያን ጭቃ የያዘ ጥቁር ጭራማ ሥሩን ጭምር ማውጣት ነው፤ ቢቻል ሳያብብ። የተነቀለውን ባሕር ሸሹ (በበጋ ውኃው የሚሸሽበት ዳርቻ) ላይ ከምረው የሚሄዱ አሉ። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ዘሩን መልሶ ይወስደዋል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ! ውኃው ከማይደርስበት ቦታ ድረስ ተሸክሞ መውሰድ ግድ ነው።

ምን ይዤ ልምጣ?

ቦቲ ጫማና ረጅም ጓንት። ቢልሃርዚያ ስላለ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት የለም። ጉማሬ በሚወጣበት በኩል ማለዳና ምሽት ላይ አንሠራም፤ ጀግንነት እዚያ አያስፈልግም።

እኅቴ ከውጭ ትመጣለች። ታስጎበኟታላችሁ?

አናስጎበኝም። ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች አሉ፤ እንጀራቸውን አንሻማም። እኛ ጎብኚው ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት ማወቅ ያለበትን እንነግረዋለን፦ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግን ትገባለች፣ ነጠላ ትያዝ። የውኃ ላስቲኳን ይዛ ትመለስ። ዘጌ ከደረሰች ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ አይታ አትመለስ፤ በአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለው ቡና ራሱ ያስመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የመጡትን ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች ፎገራ ሜዳ ላይ ታያለች።

ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ትጣላላችሁ ይባላል?

ማን ነው ያለው? አዲስ አረም ሲበቅል ቀድመው የሚነግሩን እነሱ ናቸው። የምንከራከረው በአንድ ነገር ነው። በክረምት በርካታ የጣና ዓሣዎች ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ፤ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት የከርሞውን ማጥመድ ነው። ለመነጋገር እንሄዳለን እንጂ መረብ አንነጥቅም።

በጣና ስም ብር የሚለምነውን ሁሉ እንዴት ልመን?

አትመኑ። የምዝገባ ሰርተፊኬትና የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ። በፌዴራል የተመዘገበ ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪውን በ20 በመቶ ይገድባል። እኛንም ጠይቁን፤ ቅር አንሰኝም።

ልጆች ይዤ ልምጣ?

ለችግኝ ተከላው፣ አዎ። ለነቀላው አይሆንም።