ሻርክ ላጥና ለምትሉኝ ልጆች

ሰላም ልጆች። የምትልኩልኝ መልእክት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ጋሼ፣ ሻርክ ማጥናት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?" ይላል፤ ከሥሩ ሰው ከነጭ ሻርክ ጎን ሲዋኝ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። ቪዲዮው ያምራል። ሥራው ግን እሱ አይደለም።

ሥራው በአብዛኛው የሞተ ዓሣ ነው። ሳይነጋ ተነስታችሁ ጀልባ ወደሚራገፍበት ትሄዳላችሁ። ርዝመት ትለካላችሁ። ፆታ ታያላችሁ፦ ወንዱ ከሆዱ ሥር ባሉት ክንፎች በኩል ጣት የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉት፤ ለስላሳ ከሆኑ ገና ልጅ ነው፣ ጠንክረው ከሆነ ለአቅመ ሻርክ ደርሷል ማለት ነው። ሻጩ ከፈቀደላችሁ ከጀርባው አንድ ሁለት የአከርካሪ አጥንት ቆርጣችሁ ትወስዳላችሁ። ሽታው ከልብስ አይለቅም። ቤተሰብ ይለምደዋል፣ የታክሲ ሹፌር ግን አይለምደውም።

እዚያች አጥንት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ክፍል ስለሆነ። ሻርክ እንደኛ ጠንካራ አጥንት የለውም፤ አካሉን የያዘው የጆሯችን ዓይነት ለስላሳ አጥንት ነው። አከርካሪው ላይ ግን ካልሲየም በንብርብር ይከማቻል። በስሱ ቆርጣችሁ ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጉት እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይታያል። ሁለት ሰው አንዱ የሌላውን ሳያይ ይቆጥራል። ካልተስማሙ እንደገና። ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ ዕድሜው ስንት ነው?

ደግሞ አጥንቱም ይዋሻል። በብዙ ዝርያዎች ሻርኩ ማደግ ሲያቆም ቀለበቱም ይቆማል፣ ስለዚህ ሽማግሌው ጎልማሳ መስሎ ይቆጠራል። ይሄ የታወቀው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በኒውክሌር ቦምብ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተደረጉት ሙከራዎች አየርና ባሕር ውስጥ የበተኑት ካርቦን በዚያን ጊዜ የነበሩ ዓሦች አካል ላይ ምልክት ትቶ ኖሯል። የቀለበቱ ቆጠራ ከዚህ ምልክት ጋር ሲተያይ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። በዚሁ የካርቦን ዘዴ የግሪንላንድ ሻርክ የዓይን ሌንስ ሲመረመር፣ በ2016 የወጣው ጥናት ትልቋን ሴት 392 ዓመት ገመታት፤ ወዲህና ወዲያ 120 ዓመት ስህተት ቢኖረው ነው። ሰው ይሄን ስህተት ሲሰማ ይስቃል። እሺ፣ ዝቅተኛውን እንውሰድ፦ 272። አሁንስ?

ዕድሜ እንዲህ የሚያስጨንቀን የማስገሩ ልክ የሚወጣው ከእሱ ስለሆነ ነው። ደስኪ የሚባለውን ሻርክ ውሰዱ። ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው 20 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፣ እርግዝናው ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል፣ ከዚያ ታርፋለች፤ በሦስት ዓመት አንዴ፣ ያውም ቢበዛ ከአሥራ ምናምን የማይበልጡ ልጆች። ቆሮሶ ዓመት ሳይሞላው ሊራባ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሒሳብ የሚያሰግር አገር ደስኪውን ይጨርሰዋል፣ ክፋት እንኳ ሳይኖረው። በ2021 የወጣ ጥናት ከ1970 ወዲህ የውቅያኖስ ሻርኮችና ሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው ብዛት በ71 በመቶ ቀንሷል ያለው በዋናነት ከዚህ የመጣ ነው።

ሕግ ወጥቷል አይደል ትሉኛላችሁ። ወጥቷል። ክንፉን ቆርጦ አካሉን ባሕር መጣል በብዙ አገር ተከልክሏል፣ ጥሩ ነው። ግን በ2024 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2012 እስከ 2019 ባለው ጊዜ በዓመት የሚገደለው ሻርክ ከ76 ሚሊዮን ወደ 80 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። አንዱ ምክንያት ሙሉውን ይዞ መምጣት ግዴታ ሲሆን ለሥጋውም ገበያ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ክንፍ ላይ ብቻ የሚጮህ ዘመቻ ስታዩ ቶሎ ሼር አታድርጉ፣ መጀመሪያ ስለ ሥጋው ጠይቁ።

ዓሣ አጥማጁን ጠላት አድርጋችሁ አትጀምሩ። የሻርክ ተመራማሪዋ ሪማ ጃባዶ በኤምሬትስ ሥራዋን ስትጀምር ስለዚያ ባሕር ሻርኮች የተጻፈ ነገር እምብዛም አልነበረም። ምን አደረገች? የዱባይና የአቡ ዳቢ የዓሣ ገበያዎችን እየዞረች ቆጠረች፣ አጥማጆቹን አነጋገረች፤ አብዛኞቹም ሻርክ መቀነሱን ራሳቸው ነገሯት። ኋላ የዓለም አቀፉ የሻርክ ባለሙያዎች ቡድን ሊቀመንበር ሆናለች። ዱባይ ያላችሁ፣ ያ ገበያ በራችሁ ላይ ነው።

እስራኤል፣ ሃዴራ ከተማ ያላችሁ የኛ ልጆች ደግሞ የባሰ ዕድለኞች ናችሁ። የብርዱ ወቅት ሲገባ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው የሚወጣው ሞቅ ያለ ውኃ ጋ ደስኪና ሳንድባር ሻርኮች ይሰበሰባሉ። በአብዛኛው የአንደኛው ዝርያ ሴቶች፣ የሌላው ወንዶች ናቸው። ተመራማሪዎች ይይዟቸዋል፣ ድምፅ የሚልክ መሣሪያ ያስሩባቸዋል፣ ደም ወስደው ሆርሞን ያያሉ፣ ይለቋቸዋል። ሚያዝያ 2025 ላይ አንድ ዋናተኛ እዚያው ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። ጥፋተኛ ፍለጋ አልገባም። ግን ከዚያ በፊት ሰው ሲያበላቸውና ሲነካካቸው የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቶ ነበር። አታብሉ፣ አትንኩ። ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ፣ ቀንና ሰዓት ጻፉ።

ባሕር የለንም የምትሉኝ ባሕር ዳርና ጎንደር ያላችሁ፣ ጣና አለ። የጣና ባርበስ የሚባለው ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራና ወደሌሎቹ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ መግቢያ ላይ መረብ ይጠብቀዋል፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና ናይለን መረብ ከመጣ ወዲህ ክፉኛ ቀንሷል። ተሰብስቦ የሚመጣ ዓሣ ለመያዝ ቀላል ነው፣ ሻርክም ይሁን ባርበስ። እዚያ መለካት የለመደ ልጅ የትም ሄዶ ይሠራል። ስታቲስቲክስ ተማሩ፤ ከዋና በፊት እሱን። ሜዳ ስትወጡ ደግሞ እርሳስ ያዙ፣ ቢክ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።